የሁለት ሰው ቀላል መኪና፦ አያያዟና አሸጣጧ

የመኪና ገጽ፣ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን አምስት ጥያቄዎች እንመልሳለን። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአገራችን ብርቅ በሆነ የመኪና ዓይነት ላይ ነው፦ ጣሪያና በር የሌላት፣ በቀጭን የብረት ቱቦ አጽም ላይ አሉሚኒየም የለበሰች፣ በዕቃ ተሸጣ ባለቤቷ የሚገጣጥማት የሁለት ሰው መኪና። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ነገር ስላነሳ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። አባታችን ነፍሳቸውን ይማርና አንዲት ክፍት መኪና ትተውልን አልፈዋል። በጂቡቲ በኩል ነው ያስገቧት፤ ቀረጧ ተከፍሏል፣ ሊብሬም አላት። የፊት ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ ናቸው። ሊብሬው ላይ ሞተሯ ፎርድ 1600 እንደሆነ ተጽፏል። ከ6 ዓመት ወዲህ አልተነሳችም። አንድ ደላላ መጥቶ አያትና «ይህች ለማንም አትሆንም፤ ዕቃዋን ነጣጥላችሁ ሽጡ» አለን። እናታችን አልተዋጠላትም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እናታችሁ ልክ ናቸው፤ አትነጣጥሏት። ተነጣጥላ ብትሸጥ የምታወጣው የጎማና የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። ሞተሩን እዚህ ማንም ለኮሮላው አይገጥመውም። የዚህች መኪና ዋጋ ያለው በሻንሲዋ (በብረት አጽሟ)፣ በሙሉነቷና በሊብሬው ላይ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ካልሆኑ ዋጋ የላትም።

መጀመሪያ ማንነቷን እወቁ። መልኳ ከሎተስ ሰቨን የመጣ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ያቺን መኪና እ.ኤ.አ. በ1957 አወጣት፤ ኩባንያው ሎተስ እስከ 1972 ሠራት፤ በ1973 የመሥሪያ መብቱን ካተርሃም የተባለው ድርጅት ተረከበ፤ እሱም አሁን ድረስ ይሠራታል። በዕቃ የምትሸጠው በግብር ምክንያት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና የግዢ ግብር ሲከፈልበት፣ በዕቃ የሚሸጠው አይከፈልበትም ነበር፤ ገዢው ሣጥኑን ተረክቦ ቤቱ ይገጥማታል። በ1973 ግብሩ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ያ ጥቅም ቀረ፣ የመገጣጠሙ ልማድ ግን ቀጠለ። ከዚያም ትንንሽ ወርክሾፖችና ግለሰቦች በዚያው መልክ የየራሳቸውን ሠሩ። ስለዚህ እናንተ ግቢ የቆመችው ከሦስቱ አንዷ ናት፦ ሎተስ፣ ካተርሃም ወይም ተመሳሳይ። የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የምትለዩት አፍንጫዋ ላይ በተለጠፈው ምልክት ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሯ ነው፤ ምልክቱ በገበያ የሚገዛ ነገር ነው። ቁጥሩን ከአጽሙ ላይና አምራቹ ከለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልጋችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽና በቤንዚን አጥባችሁ ፎቶ አንሱት፤ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጉት። ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ፎቶውን ለአምራቹ ወይም እንግሊዝ አገር ላሉት የባለቤቶች ማኅበራት ብትልኩ ከመዝገባቸው ጋር ሊያመሳክሩት ይችላሉ። ተመሳሳይ ሆና ከተገኘች «ተመሳሳይ ናት» ብላችሁ ሽጡ። እውነቱ ሲነገር ዋጋዋ ዝቅ ይላል፤ ሳይነገር ሲደረስበት ግን ውሉ ራሱ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ነገር፦ ቁልፍ አትጠምዝዙ። ብዙ የቆመ ሞተር የሚሞተው ቆሞ ሳይሆን በባትሪ ግፊት ደርቆ ሲነሳ ነው። አራቱን ካንዴላ ፍቱ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና 24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ 4ኛ ማርሽ አስገብታችሁ መኪናዋን በእጅ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ሞተሩ ከዞረ ጥሩ፤ ካልዞረ ዘይት ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ እንጂ አታስገድዱ፤ የዛገ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በኃይል ሲነቃነቅ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይጭራል። በነፃ መዞሩን ስታረጋግጡ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ፤ ፊልትሮ ቀይሩ፤ 20ደብሊው-50 ተራ የማዕድን ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉ። ለዘመናዊ መኪና የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ለዚህ ሞተር አይስማማም፤ ካምሻፍቱ ተንሸራቶ የሚገፋው ሞተር በመሆኑ ወፈር ያለና ዚንክ ያለበት ዘይት ይፈልጋል። ካንዴላዎቹ እንደወጡ በአዲስ ባትሪ 10 ሰከንድ እያዞራችሁ፣ አንድ ደቂቃ እያሳረፋችሁ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ ቀጥሉ። ካንዴላ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤንዚኑ 6 ዓመት ከቆየ ቫርኒሽ ሆኗል። ታንከሩን አውርዳችሁ አጥቡት፤ የካርቡራቶሩን ሳህንና ቀዳዳዎች በአየር ንፉ፤ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚመጥ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ውስጣቸው ዝጎ ይሆናል። ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መግጠም የሚበቃው ውስጡ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ሲሊንደሩ ራሱ ይቀየር ወይም ቶርኖ ቤት ቀሚስ ይግባለት።

ለጋራዡ አንድ ነገር ጽፋችሁ ስጡ፤ ጊዜና ገንዘብ ያተርፍላችኋል። እዚህ የሚሠሩት ሞተሮች አብዛኞቹ እሳት የሚሰጡት በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል ነው፤ ኮሮላውም፣ ፔጆ 404ም እንደዚያ ናቸው። ይህ የፎርድ 1600 ሞተር፣ ክሮስፍሎው የሚባለው ከሆነ፣ 1-2-4-3 ነው። መካኒኩ በለመደው እጁ የካንዴላ ገመዶቹን ካገጣጠመ ሞተሩ በካርቡራቶር በኩል ይተኩሳል፤ ከዚያ «ቴምፖው (የእሳት ሰዓቱ) ተበላሽቷል» ተብሎ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይፈታል። የዚህ ሁሉ መነሻ የሁለት ገመድ መቀያየር ብቻ ነው።

የዚሁ ሞተር ሌላ ጠባይ፦ የተሠራው ቤንዚን ውስጥ እርሳስ በነበረበት ዘመን ስለሆነ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ከቴስታታው ብረት የተቀረጹ ናቸው። አሁን ባለው ቤንዚን በረጅም ጉዞ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ መቀመጫቸውን እየበሉ ይሰምጣሉ። ምልክቱ የቫልቭ ክፍተቱ በተስተካከለ ቁጥር እየጠበበ መምጣቱ ነው። ጠንካራ የብረት ቀለበት መቀመጫ በቶርኖ ማስገባት ችግሩን ከሥሩ ይዘጋዋል። ድሬዳዋ ከባቡር ድርጅቱ ዎርክሾፕ የወረሰችው የቶርኖ ሙያ ስላላት ይህን ሥራ የሚችል እጅ አይታጣባትም። ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ደረሰኙን ፈልጉ፤ ለሻጭ ትልቅ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሻንሲው። መኪናዋን በአራት ጠንካራ መቆሚያ ላይ አንሱ፤ ክሪኩን ግን በቀጭኖቹ ቱቦዎች መሐል አታድርጉ፤ ቱቦዎች በሚገናኙበት ጥግ ሥር ይሁን። ከዚያ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እነዚህን ቦታዎች ተመልከቱ፦ የፊት እግር ክንዶች የሚታሰሩባቸውን ጆሮዎች፣ የኋላ አክሰል ክንዶች የሚታሰሩበትን፣ የፍሬን ፔዳሉ የተሰቀለበትን ሳጥን፣ የሞተር መቀመጫዎቹን። ስንጥቅ የሚጀምረው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን፣ ሙቀቱ ባደከመው ብረት ላይ ነው። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመርና ዙሪያውን ቡናማ እድፍ ካያችሁ ቀለሙን ልጡት። አሮጌ ሎተስ ከሆነች የኋላ አክሰሉን የሚይዘው ሦስት ማዕዘን ክንድ በዲፈረንሻሉ ሆድ ሥር ስለሚታሰር፣ ጉልበቱ ቤቱን እየጎተተ ያሰነጥቀዋል፤ ዘይት ያዥጎደጉዳል። እዚያ ቦታ ላይ የቆየ የዘይት ጭቃ ካለ ሳይታጠብ አትለፉት።

አሉሚኒየሙ ከብረት ቱቦው ጋር በሪቬት የተያያዘበት መስመርም ይታይ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት መሐላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ እንደ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፤ የጂቡቲ የባህር ጨው ግን በጣም መጥፎ። መኪናዋ ወደብ ላይ ወይም ጂቡቲ ከተማ የቆየች ከሆነ የወለሉን ላሜራ ከአንድ ጠርዝ ከፍታችሁ እዩ። ከ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በፊት የገባች ከሆነችና ያኔ ወንዙ አካባቢ ቆማ ከነበረ ደግሞ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ደለል መኖሩን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ አዳምጡ። ባዶ ቱቦ ይጮኻል፤ ደለል የያዘው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ከውስጥም ዝጎ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ በደብተር ጻፉ፦ ቀን፣ የተሠራው፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የሠራው ጋራዥ፣ ደረሰኝ፣ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ። በእጅ የተገጣጠመች መኪና አገልግሎቷን የሚመሰክርላት ፋብሪካ የላትም፤ ምስክሯ ይህ ደብተር ነው። የአባታችሁ የመገጣጠሚያ ወረቀቶች፣ የድሮ ደብዳቤዎችና የዕቃ ዝርዝሮች ከተገኙ አንዷንም አትጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናችኋለን፦ ለሽያጭ ታምር ብላችሁ ጣሪያ አታስበይዱባት፣ ትልልቅ ቸርኬ አትግጠሙ፣ ወንበሩን በከባድ ስፖንጅ አታስሠሩ፣ የተጎዳውን አሉሚኒየም በስቱኮ አታስሞሉ። ይህች መኪና ከ400 እስከ 550 ኪሎ ግራም ብቻ ስለምትመዝን ነው እንዲያ የምትሮጠው። የሚጨመርባት እያንዳንዱ 50 ኪሎ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ዕውቀት ያለው ገዢ ያን ወዲያው ያየዋል። ይልቅ መዝናችሁ ክብደቷን ለገዢ ንገሩ። የከባድ መኪና የምድር ሚዛን ለዚህ ረቂቅነት የለውም፤ አሸዋ ወይም ቀፊራ ገበያ እህል የሚመዘንበትን ጠፍጣፋ ሚዛን ተከራዩ። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ አውጡ፣ ሌሎቹን ሦስቱን በሚዛኑ ልክ በጣውላ ከፍ አድርጉ፤ አራቱንም በየተራ መዝናችሁ ደምሩ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይሁን። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ድምር ከሌላው ሰያፍ ድምር ጋር እኩል ከሆነ ወይም በጥቂት ኪሎ ብቻ ከተለያየ ሻንሲው አልተጣመመም፣ ሞላዎቹም ተስተካክለዋል። በሰፊው ከተለያየ ግን መጀመሪያ የሞላዎቹን ከፍታ አስተካክሉ፤ እንቢ ካለ ሻንሲው ተጣሟል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ። እንዲህ ያለች መኪና አለችኝ፤ ገዢ አግኝቻለሁ። ገዢው «ስም ዝውውሩ ይቆይ፤ ውክልና ብቻ ስጠኝ፤ ገንዘቡን በጥሬው እሰጥሃለሁ» ይላል። ጉዳት አለው? ደግሞ ላይኛው ዓይነት በውርስ የመጣች ብትሆንስ?

መልስ፦ ጉዳት አለው፤ ለእርስዎም ለእሱም። ስሙ በእርስዎ እስካለ ድረስ መኪናዋ ሰው ብትገጭ የሚፈለገው እርስዎ ነዎት። ለእሱ ደግሞ፣ ውክልና በሰጪው ሞት ይቋረጣል፤ እርስዎ ቢሞቱ በእጁ የያዘው ወረቀት ይቀርና ከወራሾችዎ ጋር ይካሰሳል። ሊሻርበትም ይችላል። ስለዚህ የሽያጭ ውል በውልና ማስረጃ ተፈርሞ ይመዝገብ፤ ስሙም በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ይዛወር።

ውል ከመፈረሙ በፊት የሚጠናቀቁት እነዚህ ናቸው። መኪናዋ የዘመኑን ምርመራ አልፋ ቦሎ ትያዝ። የሦስተኛ ወገን መድኗ ያላለፈበት ይሁን። የትራፊክ ቅጣትና የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ይረጋገጥ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ብዙ ሽያጭ የሚቆመው እዚህ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር ይመሳከር፤ በእጅ በተገጣጠሙ መኪኖች ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ስለሆነ ቁጥር ሳይዛወር የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልገጠመ መጀመሪያ ሊብሬው ይታረም፤ ገዢውን «በኋላ ታስተካክለዋለህ» ብለው አይሸኙት።

ያገቡ ከሆነ ባለቤትዎም ይፈርሙ። ድሬዳዋ ላይ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት፣ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለውን የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። በውርስ ለመጣች መኪና የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ከጋራ ንብረቱ የእናትየዋ ድርሻ ይለያል፤ ወራሾች በሙሉ ቀርበው ይፈርማሉ፣ ሩቅ ያለው ውክልና ይልካል። አባት በሕይወት ሳሉ ለአንዱ ልጅ ሰጥተውት የነበረ ውክልና ከሞታቸው በኋላ አይሠራም።

ስለ ገንዘቡ፦ ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ አይቀበሉ። በባንክ ዝውውር ይሁን፣ ወይም በሲፒኦ። ሲፒኦ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ካወጣው ቅርንጫፍ ዘንድ ሄደው ትክክለኛነቱን ያረጋግጡ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የተቀበሉት ዋጋ ይሁን። ዝቅ አድርጎ መጻፍ ለግብር የሚጠቅም ይመስላል፤ ውሉ ቢፈርስ ግን ለገዢው የሚመለስለት የተጻፈው ብቻ ነው።

የሚያውቁትን ጉድለት በውሉ ላይ ያስጽፉ፦ «የ2ኛ ማርሽ ሲንክሮ የደከመ፣ በግራ በኩል ከኋላ ወለሉ የተጠገነ» እያሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ሲኖር «እንዳለች ገዝቻለሁ» የሚለው አንቀጽ አያድነውም። የተጻፈው ግን ያድናል።

መኪናዋን ለማሳየት ማለዳን ይምረጡ። ጣሪያ በሌላት መኪና ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት የወጣ ገዢ የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ራሱ ያስነሳው፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ያጋጠመው ሰው የተደበቀ ነገር እንዳለ ያስባል፣ ትክክልም ነው። በሜዳ መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይንዳ፤ ወደ ደንገጎ፣ ወደ ሐረሩ አቀበት፣ አይውሰዷት፤ አቀበቱ ለማያውቃት ሰው አደገኛ ነው። ገዢው የአዲስ አበባ ከሆነ መኪናዋ ያን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በራሷ አትጓዝ። በጭነት መኪና ትጫን፤ ስትታሰር ገመዱ በጎማዎቹ ላይ ይሁን እንጂ በሻንሲ ቱቦዎቹ ላይ አይሁን። አንድ ቀን ሙሉ በወጣ ገባ መንገድ የተጎተተ ቱቦ ይጎብጣል።

ደላላ ቢጠቀሙም ኮሚሽኑ በጽሑፍ፣ በቅድሚያ። ለዚህ መኪና ግን የሰፈር ደላላ አይበጅም፤ እሱ የሚተምነው በወንበር ብዛትና በሞዴል ዓመት ነው። ገዢዎ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ስለሆነ ፎቶዋን ከነደብተሩ እሱ በሚያይበት ቦታ ያውጡት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሕጋዊ ሊብሬ ያላት እንዲህ ያለች መኪና በቀላሉ አትተካም። ስለዚህ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ ከሐረር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎን ሳልጨርስ ውሃዋ ይፈላል፤ ቆማ ስትነሳም ትታነቃለች። ሜዳ ላይ ምንም የላትም።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ጫፍ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ክዳኑ በደንብ የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ፣ ደንገጎ ጫፍ ላይ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ባለ 0.9 ባር ጤነኛ ክዳን ከሆነ ግን እዚያው ጫፍ ላይ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ፤ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው። ቀጥሎ ራዲያተሩን አውርደው ከኋላ ወደ ፊት በውሃ ይጠቡት። አፍንጫዋ ወደ መሬት የቀረበ ስለሆነ የድሬዳዋ አሸዋ የራዲያተሩን ጥርሶች ይሞላቸዋል። በራዲያተሩና በአፍንጫው ላሜራ መሐል ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ወይም በጎማ ይድፈኑ፤ አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ክፍተት ካገኘ በጎን ያልፋል። የኤሌክትሪክ ቬንትላተሩ አየሩን ወደ ሞተሩ መሳቡን በወረቀት ይፈትኑ፤ ገመዱ ተገልብጦ ከታሰረ ከሚመጣው አየር ጋር ይታገላል። ውሃ ሲሞሉ አፍንጫዋን ከፍ አድርገው ያቁሟት፤ አለዚያ ቴስታታው ላይ አየር ይቀራል።

መታነቋ ደግሞ ቤንዚኑ በቱቦ ውስጥ ተኖ ነው። የቤንዚን ቱቦው ከጭስ ማውጫው የራቀ ይሁን፤ በካርቡራቶሩና በጭስ ማውጫው መሐል የአሉሚኒየም ከለላ፣ በካርቡራቶሩ እግር ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ጓርኒሲዮን ያስገቡ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር ያሳንሱ። በዌበር ካርቡራቶር ለምሳሌ ከ120 ወደ 115 ማለት ነው። ነገር ግን ያሳነሱት ለሐረር ከሆነ ድሬዳዋ ወርደው ረጅም መንገድ በሙሉ ጋዝ አይንዱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይሞቃል፣ ፒስተን ያቀልጣል። አንድ ሰው ሁለቱን ከተሞች የሚመላለስ ከሆነ ለድሬዳዋ አስተካክሎ አቀበቱ ላይ ትንሽ ቢደክምበት ይሻላል። 1,000 ሜትር ከፍታ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህል ይወስዳል፤ ይህን ጄት አይመልሰውም።

ሲወርዱ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ይውረዱ። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸንኮር ነኝ፤ ብየዳ ሙያዬ ነው። አሮጌ ፔጆ 404 አለኝ። ሞተሩንና አክሰሉን አውጥቼ እንደዚህ ያለች ቀላል መኪና ብሠራስ?

መልስ፦ ፔጆዋን አይንኳት። ሐረር በ404 ታክሲዎቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሙሉ የሆነችው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰች ነው። ይህች መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች፤ ሙሉዋን የሚፈልግ ገዢ አለ። ለሥራዎም አትመችም። ሞተሯ ወደ ጎን አዘንብሎ ነው የተቀመጠው። ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚሄደው በወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦውም ከኋላ አክሰሉ ጋር አንድ አካል ስለሆነ አጭር ሻንሲ ውስጥ አይገባም። የኋላ ጥርሷ በመጠምዘዣ ዓይነት የሚሠራ፣ መንኮራኩሩ ብሮንዝ የሆነ ነው። ስለ ዘይቱ ለያዟት ሁሉ እንንገር፦ ለዘመናዊ ዲፈረንሻል የሚሸጠው ጂኤል-5 ዘይት ውስጥ ያለው ሰልፈር ብሮንዙን ይበላዋል፤ አይጨመርባት።

ቀላል መኪና ለመሥራት የሚሻለው ለጋሽ የኋላ ጎማ የምትነዳው ኮሮላ ዲኤክስ፣ ኬኢ70 ናት። 4ኬ ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው፤ ዕቃው በየገበያው አለ፤ የኋላ አክሰሏ በአራት ክንድና በሞላ ስለተያዘ በቱቦ ሻንሲ ላይ ይስማማል። የፊት እግሯ ግን ቁመቱ ለዝቅተኛ አካል አይሆንም፤ ሁለት ክንድ ያለው የፊት እግር መሥራት ይኖርብዎታል፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። ለሻንሲው የተለመደው 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው። በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከበየዱት ይበሳል፤ 2 ወይም 2.5 ይጠቀሙ፤ የጋዝ ሽቦ ብየዳ ካገኙ ይበልጥ ጥሩ። ጠፍጣፋ የብረት ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም በነጥብ ብቻ ይያዙት፤ ሰያፎቹን በሜትር ለክተው ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ብቻ ሙሉ ብየዳ ይጀምሩ፤ አንዱን ጥግ ሲጨርሱ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይሻገሩ እንጂ በአንድ ጎን አይቀጥሉ። በአንድ ጎን የቀጠለ ብየዳ ሻንሲውን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል።

ነገር ግን አንድም ቱቦ ከመቁረጥዎ በፊት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄደው፣ ይህን መሰል ተሽከርካሪ ሰሌዳ ያገኝ እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የዲኤክሷን ሊብሬ በአዲሱ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ፣ የሻንሲ ቁጥሯን ቆርጦ መበየድ ወንጀል ነው። ሙያዎ ጥሩ ቢሆንም ሰሌዳ የሌላት መኪና ከግቢ አትወጣም፤ አትሸጥምም።

ጥያቄ፦ ጎማዬ 32 ፒኤስአይ ተነፍቶ መኪናዋ እንደ ኳስ ትዘላለች። ጎሚስታው «ልክ ነው» ይላል።

መልስ፦ 32 ለአንድ ቶን መኪና ነው። ግማሽ ቶን ለምትመዝን መኪና ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ከ18 እስከ 20 ይበቃል። አሮጌ ጎማም ይዘላልና የጎኑን ቁጥር ያንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 2314 ከሆኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የድሬዳዋ ፀሐይ አድርቆታል፤ ይቀየር።